የሰፈር ምግብ ቤት «ሦስተኛ ስፍራ» ነውን?

ስለ አንድ ምግብ ቤት አስተያየት እንድንሰጥ ስንጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለ ምግቡ ነው። ሽሮው ይጣፍጣል፤ ጥብሱ ጅማት ይበዛዋል፤ እንጀራው ሩዝ ተቀላቅሎበታል እንላለን። ይሁን እንጂ የምንናገረውና የምናደርገው አይገጣጠምም። በስድስት ኪሎ፣ በአምስት ኪሎና በአራት ኪሎ ዙሪያ በሚገኙት ትንንሽ ምግብ ቤቶች እንደ ታዘብነው፣ ወጡ የቀጠነ፣ አግዳሚው የሚወዛወዝ፣ ጣሪያው ጥላሸት የጠጣ ቤት በምሳ ሰዓት ጢም ብሎ ሲሞላ፣ ጥቂት ርምጃ ርቆ በዚያው ዋጋ የተሻለ ምግብ የሚያቀርበው ቤት ግማሹ ባዶ ሆኖ ይውላል። ተመጋቢዎቹን «ስለ ምን ይህን ቤት መረጣችሁ?» ብለን ብንጠይቃቸው ፈጥነው የሚሰጡን መልስ «ለምጄው ነው» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አጭር መልስ በውስጡ ምን እንደ ያዘ መመርመርና፣ በውጭ አገር ስለዚሁ ጉዳይ የተጻፈው የታወቀ አሳብ ለእኛ ከተማ ምን ያህል እንደሚስማማ መመዘን ነው።

1. የአሳቡ መነሻ

አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ሬይ ኦልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ኑሮ በሦስት ስፍራዎች ከፍሎ ያየዋል። አንደኛው ስፍራ መኖሪያ ቤት ነው፤ ሁለተኛው የሥራ ቦታ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሰው ሳይገደድና ሳይጠራ በፈቃዱ እየሄደ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር የሚጫወትበት ቡና ቤት፣ መጠጥ ቤት፣ ጠጉር ማስተካከያ ቤት ወይም ይህን የመሰለ ሌላ ቤት ነው። ለሦስተኛው ስፍራ ልዩ ልዩ ምልክቶች ሰጥቶታል። ማንም ጋባዥ ወይም ተጋባዥ የማይሆንበት ገለልተኛ መሬት ነው፤ የሰዎችን ማዕረግ ከበር ላይ አስቀርቶ እኩል ያደርጋቸዋል፤ ዋናው ሥራው ጭውውት ነው፤ ለመድረስ ይቀላል፤ ዘወትር የሚመላለሱ ደንበኞች አሉት፤ መልኩ ጌጥ የማያበዛ ነው፤ መንፈሱ የጨዋታ ነው፤ በመጨረሻም ከቤት ውጭ ያለ ሁለተኛ ቤት ይሆናል።

ደራሲው ይህን የጻፈው በቁጭት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ከተሞች ዳርቻ የተሠሩት መንደሮች መኖሪያና የመኪና መንገድ ብቻ ስለ ነበራቸው፣ ሰው ከቤቱ ወደ ሥራው፣ ከሥራው ወደ ቤቱ ከመመላለስ በቀር የሚያርፍበት አጣ ይላል። ይህን ማሳየቱ ትልቅ ውለታ ነው። ከእሱ በፊት ለሥራ ፈቶች መዋያ ብቻ ይመስል የነበረውን ቤት ለከተማ ኑሮ እንደ መሠረት አድርጎ አቀረበው። ከዘረዘራቸውም ምልክቶች አብዛኞቹን በእኛ ሰፈሮች እናገኛቸዋለን። ቤቶቹ ቅርብ ናቸው፤ ጌጥ የላቸውም፤ ደንበኞቻቸው የታወቁ ናቸው፤ ስለ ኳስና ስለ ኑሮ ውድነት የሚደረገውም ክርክር አይቋረጥም። ዳሩ ግን መስማማቱ እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚህ በታች እንደምናሳየው፣ አሳቡን ወደ አዲስ አበባ ስናመጣው ከመጀመሪያው የሚያሰናክለው ቁጥሩ ራሱ ነው።

2. አንደኛው ስፍራ ሲጎድል

ሦስት ብሎ የሚቆጥር ሰው አንድና ሁለትን አስቀድሞ አግኝቷል ማለት ነው። በኦልደንበርግ አሳብ ውስጥ ያለው ሰው ቤት አለው፤ በቤቱም ማዕድ ይቀርብለታል፤ ወደ ሦስተኛው ስፍራ የሚሄደው ከበላና ከሠራ በኋላ በተረፈው ጊዜ ነው። በእኛ የሰፈር ምግብ ቤት የሚመላለሰው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። አንዲት ክፍል የተከራየ የቀን ሠራተኛ፣ ቤተ ሰቡን አገር ቤት ትቶ የመጣ ጸሓፊ፣ ከጧት እስከ ማታ በመንገድ ላይ የሚውል የታክሲ ረዳት፣ ከግቢው ውጭ የሚመገብ ተማሪ ነው። አከራዩ የእንጀራ ምጣድ እንዲያስገባ አይፈቅድለትም፤ ቢፈቅድለትም ለአንድ ሰው ሊጥ ማቡካትና ወጥ መሥራት ጊዜውንና ገንዘቡን ይበላዋል።

የተማሪውን ነገር ለብቻው ማንሣት ይገባል። የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91/1995 ከወጣ ወዲህ፣ ተማሪው የምግብና የመኝታ አገልግሎትን በዓይነት ወይም በገንዘብ መውሰድ እንዲችል ሆኗል። ለምግቡ ገንዘብ የሚወስደውን ተማሪ «ነን ካፌ» እያልን እንጠራዋለን። ይህ ተማሪ ከግቢው በር ወጥቶ ገንዘቡን ለወር የሚያብቃቃለትን ቤት ሲፈልግ፣ የሚፈልገው የጨዋታ ስፍራ ሳይሆን ማዕድ ነው።

ምግብን በገንዘብ መሸጥ በአገራችን አሮጌ ነገር አይደለም። መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ካገኘው ቤት ገብቶ መመገቡ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ እንጀራን ሸጦ ገንዘብ መቀበል ያሳፍር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሆቴላቸውን በከፈቱ ጊዜ መኳንንቱ ከፍሎ መብላቱን ነውር አድርገውት ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ሄደው በልተው በመክፈል አርአያ ሆኑላቸው ተብሎ እስከ ዛሬ ይተረካል። ትረካው በዝርዝሩ ምንም ያህል ቢጋነን አንድ ነገር ያመለክታል። ምግብ ቤት ወደ ከተማችን የገባው የቤትን ሥራ እንዲረከብ ተደርጎ እንጂ ከቤት የተለየ መዝናኛ ሆኖ አይደለም።

የአጠራሩ ልማድም ይህንኑ ይመሰክራል። ተመጋቢው ባለቤቷን «እትዬ» ወይም «እማማ» ይላታል፤ እሷም «ልጄ» ትለዋለች። ከአገር ቤት በአውቶቡስ የተላከ ቅቤና በርበሬ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጦ ተቀባዩን ይጠብቃል። የክፍል ቁልፍ ለእሷ አደራ ይሰጣል። ሁለት ቀን የጠፋ ሰው እንደ ሆነ «ያ ልጅ ምን ሆነ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መታመሙ ከተሰማ ልጅ ተልኮ አጥሚት ይደርሰዋል። በባለቤቷ ቤት ኀዘን ሲደርስ ደንበኞቹ ገንዘብ አዋጥተው ከድንኳኑ ይቀመጣሉ። ለጭውውት ብቻ በተሠራ ስፍራ ይህን ሁሉ አንጠብቅም። ይህ የቤተ ሰብ ግዴታ ነው። ስለዚህ የሰፈር ምግብ ቤት ለብዙ ተመጋቢው ሦስተኛ ስፍራ ሳይሆን የጎደለው አንደኛ ስፍራ ማሟያ ነው እንላለን።

ለዚህ አነጋገራችን ከኦልደንበርግ ከራሱ አገር ማስረጃ ማምጣት ይቻላል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ከአገር የወጡ ኢትዮጵያውያን በዋሽንግተን ከተማ በበዙ ጊዜ፣ መጀመሪያ በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ ኋላም በዩ ጎዳና አካባቢ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተከፈቱ። አሜሪካዊው ወደነዚህ ቤቶች የሚሄደው በእጅ የሚበላ አዲስ ምግብ ለመቅመስ ነው። አዲስ ገቢው ስደተኛ ግን ሥራ የት እንደሚገኝ፣ ክፍል ማን እንደሚያከራይ፣ ከአገር ቤት ማን እንደ መጣና ማን እንደ ሞተ ለመስማት ይሄዳል። አንዱ ቤት፣ አንዱ ወጥ፣ ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው። ልዩነቱን ያመጣው የገበታው ጣዕም ሳይሆን የተመጋቢው ጉድለት ነው።

3. የዱቤው ደብተር

ከምግቡ በላይ ያለውን ዋጋ በግልጽ ለማየት የሚሻ ሰው ከባንኮኒው ላይ የሚቀመጠውን ደብተር ይመልከት። የአከፋፈሉ ልማድ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ኮንትራት ነው፤ ተመጋቢው የወሩን ገንዘብ አስቀድሞ ከፍሎ በየቀኑ እየመጣ ይበላል። ሁለተኛው ዱቤ ነው፤ «ጻፊብኝ» ብሎ በልቶ ይሄድና ደመወዝ ሲቀበል ይከፍላል። ሁለቱም ብድር ናቸው፤ አቅጣጫቸው ብቻ ይለያያል። በኮንትራቱ ተመጋቢው ለባለቤቷ ያበድራል፤ እሷም በገንዘቡ ጤፍና ዘይት ትገዛበታለች። በዱቤው ደግሞ እሷ ለተመጋቢው ታበድራለች። በአንዱ ቤት ውስጥ የኮንትራቱ ገንዘብ የዱቤውን ተመጋቢ ይመግበዋል፤ ይህም ማለት ገንዘብ ያለው ተማሪና ደመወዙ የዘገየበት ግንበኛ ሳይተዋወቁ ይረዳዳሉ ማለት ነው።

ባንክ ለማበደር መያዣ ይጠይቃል። የምግብ ቤቷ ባለቤት የምትይዘው መያዣ ሰውየው ነገም ወደዚሁ መንገድ መምጣቱን ብቻ ነው። «ለምጄው ነው» የሚለው መልስ ትርጉሙ እዚህ ላይ ይገለጣል። መልመድ የምላስ ነገር ብቻ አይደለም፤ መታወቅ ነው፤ መታወቅም በኪስ ውስጥ ገንዘብ በሌለበት ቀን እንደ ገንዘብ ያገለግላል።

ዳሩ ግን ይኸው ደብተር ሌላ ገጽ አለው። ኦልደንበርግ ሦስተኛውን ስፍራ ሰው እንደ ፈቀደ የሚገባበትና የሚወጣበት አድርጎ ያቀርበዋል። በዱቤ የታሰረ ሰው እንዲህ አይደለም። ዕዳው የበዛበት ተመጋቢ በዚያ በር ላለማለፍ መንገድ አዙሮ ይሄዳል፤ ምግቡን ብቻ ሳይሆን አደራ ያኖረበትን፣ ወሬ የሚሰማበትን፣ ሲታመም የሚጠይቀውን ቤት በአንድ ጊዜ ያጣል። የሚረዳን ቤት የሚያሳፍረንም ቤት መሆኑን ሳይናገሩ ስለ ሰፈር ምግብ ቤት ደግነት ብቻ መጻፍ ግማሽ እውነት ነው።

4. ገለልተኛ መሬት የት ነው?

ገለልተኛነትና እኩልነት የተባሉት ምልክቶችም በእኛ ዘንድ ሳይፈተኑ አያልፉም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ሥጋ የሚያቀርብ ቤት የማን እንደ ሆነ በበሩ ወይም በሰሌዳው ላይ በመስቀል ወይም በጨረቃ ምልክት ይታወቃል። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም ጊዜ ብዙ ቤት ወጡን ይለውጣል፤ በረመዳንም የሌላው ቤት የገበያ ሰዓት ወደ ማታ ይዞራል። እንግዲህ ማዕዱ ከተቆረሰበት ሰዓት ጀምሮ መሬቱ የአንድ ወገን ነው።

ይሁን እንጂ ተመጋቢዎች ራሳቸው ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ ከማንኛውም ጥናት ይልቅ ብልህ ሆኖ አግኝተነዋል። ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያላቸው ጓደኞች አብረው ሲቀመጡ ሽሮ ወይም የጾም በያይነቱ ያዝዛሉ። ቀኑ የፍስክ ቢሆንም እንኳ ምስርና ጎመን ከአንድ ትሪ ላይ ለሁሉም ይሆናል። ርካሽ ስለ ሆነ የሚናቀው ምግብ የጋራ ማዕድ ሆነ ማለት ነው። ስለ ጣዕም ብቻ የሚጽፍ ሐያሲ ሽሮውን ከጥብሱ በታች ያስቀምጠዋል፤ ማን ከማን ጋር ለመብላት እንደ ቻለ የሚመለከት ግን ከሁሉ በላይ ያደርገዋል። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» የሚል ምሳሌ ባለው ሕዝብ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሴቶች ነገር ግን በሽሮ አልተፈታም። ቀደም ባለው ጊዜ ሴት ብቻዋን ጠጅ ቤት ወይም ቡና ቤት መቀመጧ ስሟን ያጠፋ ነበር። ዛሬ የሥራ ባልደረቦችና ተማሪዎች የሆኑ ሴቶች በቡድን ምሳ ሲበሉ ማየት የተለመደ ነው። ነገር ግን ወንዱ ተማሪ ማታ ለሦስት ሰዓት ያህል ኳስ እያየ የሚቀመጥበት ወንበር፣ ብቻዋን ለመጣች ሴት ተማሪ ያንኑ ያህል አይመቻትም፤ በልታ ፈጥና ትወጣለች። ስለዚህ ቤቱ ሰውን እኩል ያደርጋል ስንል ወንዶችን እኩል ያደርጋል ማለታችን እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባናል።

5. ሸክሙ የማን ነው?

የሰፈር ምግብ ቤት የቤተ ሰብን ሥራ ይሠራል ካልን፣ በቤተ ሰብ ላይ የምናቀርበውን ጥያቄም ልናቀርብለት ይገባል። ጥያቄውም፡- ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? የሚል ነው። እንጀራ የምትጋግረው፣ ወጥ የምትሠራው፣ ሳሕን የምታጥበው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ብዙዎቹም እንደ ተመጋቢዎቹ ሁሉ ከገጠር የመጡ ናቸው። በጧት ተነሥተው ምድጃ ያነድዳሉ፤ ማታ የመጨረሻው ተመጋቢ ሲወጣ ወለል ይወለውላሉ። አንዳንዶቹም እዚያው ከጓዳ ይተኛሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ በትንሹ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ግን ደመወዝን የሚወስነው ከአዋጅ ይልቅ «እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚለው አነጋገር ነው።

ይህን አነጋገር በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ሠራተኛዋ በማታ ትምህርት ቤት እንድትማር የምትረዳ ባለቤት አለች። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ልጄ» ማለት የደመወዝ ቀን እንዳይነሣ መሸፈኛ ነው። ለተመጋቢው ሙቀት የሚሰጠው የዝምድና አጠራር ሠራተኛዋ መብቷን እንዳትጠይቅ አፏን ሊይዛት ይችላል። በመጽሐፉ ውስጥ ኦልደንበርግ የሚያተኩረው ከተቀመጡት ሰዎች ጭውውት ላይ ነው፤ ከቆመችው አሳላፊና ከጓዳው ላይ ያረፈው ዓይን ትንሽ ነው። እኛም የለመድነውን ቤት ስናመሰግን በዚሁ ጉድለት እንዳንወድቅ ያሰጋል።

6. ኪራይና ስፍራ

ይህ ሁሉ ዱቤና አደራ በደግነት ብቻ የቆመ አይደለም፤ ከሥሩ የኪራይ ነገር አለ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ በኋላ፣ በመኻል ከተማ ብዙ ትንንሽ ምግብ ቤቶች በቀበሌ ቤቶች ውስጥ በአነስተኛ ኪራይ ሠርተዋል። ኪራዩ ትንሽ በመሆኑ ባለቤቷ ወር እስኪሞላ መታገሥ ትችላለች፤ በአንድ ሽሮ ሁለት ሰዓት የተቀመጠውን ተማሪ ተነሣ ለማለት አትቸኩልም። ኪራዩ በሺህ የሚቆጠር ቤት ውስጥ ግን ወንበሩ በየግማሽ ሰዓቱ ገንዘብ ማምጣት አለበት። ስለዚህ ትዕግሥቷ የጠባይዋ ያህል የኪራይዋም ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ ብዙ አሮጌ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ግንባታ በፈረሱ ጊዜ እነዚህ ቤቶችም አብረው ፈረሱ። የቤቶቹን ነቀፌታ መካድ አይገባም። የጭቃ ግድግዳቸው ያዘመመ፣ መጸዳጃቸው የጋራና የተበላሸ፣ ጢሳቸው የሠራተኞቹን ዓይንና ሳንባ የሚጎዳ ነበር። በነሱ ፈንታ ሰፊ መንገድ፣ መብራትና የእግረኛ መተላለፊያ መሠራቱ ለከተማው ጥቅም ነው። ክርክራችን መፍረስ አልነበረባቸውም የሚል አይደለም። ክርክራችን ሲፈርሱ የጠፋው ምን እንደ ሆነ በትክክል ይቈጠር የሚል ነው።

ለፈረሰ ግድግዳ ካሳ ወይም ምትክ ሊታሰብለት ይችላል። ወጥ ሠሪዋም ሙያዋን ይዛ ወደ ከተማው ዳርቻ ትሄዳለች፤ እዚያም ያንኑ ሽሮ ትሠራለች። ወደ አዲሱ ስፍራ የማይሄደው ደብተሩ ነው። በደብተሩ የተጻፉት ሰዎች አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ደቡብ ተበትነዋል፤ «ነገም ይመጣል» የሚለው መያዣ ከእንግዲህ አይሠራም። ምግብ ቤትን በምግቡ ብቻ የሚመዝን ሰው ሽሮው ስላለ ምንም አልጠፋም ይላል። እኛ ግን ለአንዳንዱ ተመጋቢ የጠፋው ቤቱ ነው እንላለን፤ እሱም በመኖሪያ ቤት ዝርዝር ውስጥ ስሙ ስላልነበረ ማንም አልቈጠረለትም።

7. የፍርዱ ሚዛን

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የሚከተለውን እንደመድማለን። የኦልደንበርግ አሳብ የሰፈር ምግብ ቤትን ከወጡ ባሻገር እንድናይ ዓይን ይከፍታል፤ ነገር ግን የሞላ ቤት ላለው ሰው የተቈረጠ ልብስ በመሆኑ ለእኛ ተመጋቢ ይሰፋዋል። እኛ በበኩላችን አንድን የሰፈር ምግብ ቤት ለመመዘን ከጣዕሙና ከንጽሕናው ቀጥሎ ሦስት ጥያቄዎች እንዲጠየቁ እናሳስባለን። ገንዘብ ያጣ ደንበኛ በዚያ ቤት ምን ይገጥመዋል? ብቻዋን የመጣች ሴት በዚያ ቤት እስከ መቼ ትቀመጣለች? ጓዳ ያለችው ሠራተኛ ደመወዟን በቀኑ ትቀበላለችን? ሦስቱን በመልካም የሚመልስ ቤት፣ ወጡ ቢቀጥንም፣ ጥሩ ቤት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሚመልስ ቤት ደግሞ ለተቀመጠው ደግ፣ ለቆመው ክፉ ነው።

በመጨረሻም ለጓደኞቻችን ተማሪዎች አንድ ነገር እናመለክታለን። ዕድርና ዕቁብ በብዙ ጥናት ተመዝግበዋል፤ መተዳደሪያ ደንብና የአባላት ዝርዝር ስላላቸው ለተመራማሪ ይመቻሉ። የምግብ ቤቱ ደብተር ግን ቅባት የጠጣ፣ ገጹ የተቀደደ፣ ሒሳቡ ሲዘጋ የሚጣል ነው። ከግቢያችን በር ውጭ ያሉት ቤቶች ገና በቆሙበት ጊዜ፣ በባለቤቶቻቸው ፈቃድና የባለ ዕዳዎቹን ስም ሳያወጡ፣ በአንድ ወር ውስጥ ስንት ሰው በዱቤ እንደ በላና ስንቱ እንደ ከፈለ ቢመዘገብ፣ ስለ ከተማችን ኑሮ ብዙ የሚያስተምር ጥናት ይወጣዋል። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ምሳ በሚበላበት ሰዓት ሊጀመር ይችላል።